አያ ሰይድ የነሰነሱት አመድ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ያለው ቤቴ አይጥ ገብቶበት ልጄ ባለሙያ አስጠርታ ነበር። ሰማያዊ ቱታ የለበሰው ወጣት ገና ሲገባ ወጥመድ ይደረድራል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ በደረቱ ተኝቶ ከፍሪጁ ኋላ ያለውን በባትሪ አየ፣ ኩሱን በስንጥር ነካክቶ ትኩሱን ካሮጌው ለየ፣ ከዚያም በግድግዳው ጥግ ነጭ ዱቄት በስሱ ነስንሶ «እማማ፣ እስከ ነገ እንዳይረገጥ፤ መንገዳቸውን ራሳቸው ያሳዩናል» ብሎኝ ሄደ። ልጄ «ለዚህ ነው እንዴ ሰው የተጠራው?» ስትል እኔን ሳቅ ያዘኝ። ይህንኑ ሥራ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአመድ ሲሠራ አይቻለሁና።

መካነ ሰላም አጠገብ ነበርን፤ ዘመኑ ክፉ ቀን ነበር። ከተማ ራዲዮ ያላቸው ሰዎች ስለ ሚኒስትሮች መታሰር ያወራሉ፤ እኛ ቤት ግን ወሬው ሁሉ እናቴ በጎታ ስላስቀመጠችው የዘር ገብስ ነበር። አባቴ እህል ፍለጋ ወረኢሉ ሄዶ አልተመለሰም፤ እኛ በቀን አንዴ የጓያ ቂጣ እየቆረስን ያን ገብስ ሳንነካ ሰኔን እንጠብቃለን። ዘር አይበላም፤ ዘሩን የበላ ቤት የሚቀጥለውንም ዓመት በልቶታል። ታዲያ እናቴ ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ገብሱ ጎድሎ ታገኘዋለች፤ አይጥ መሆኑን ስለማትጠራጠርም ከከላላ አያ ሰይድን አስጠራች።

አያ ሰይድ በየቤቱ እየዞሩ አይጥ የሚያጠፉ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ ሽማግሌ ነበሩ። መርዝ አያውቁም፤ ድመትም ይንቃሉ። ከምድጃው አመድ ወስደው በጎታው ዙሪያ በወንፊት ነፉና «እስከ ነገ ማንም እንዳይጠጋ» ብለው ጎረቤት ሊያድሩ ሄዱ። አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ፤ የገብሱ ሌባ አይጥ ብቻ አልነበረችም። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ አፍሼ ቆርጥሜያለሁ። በማግስቱም ጎሕ ሲቀድ እናቴ ውኃ ልትቀዳ እንደወጣች ረሀቡ አላስቀምጥ አለኝና ጎታው ዘንድ ሄድኩ። አመዱ ለአይጥ የተደገመበት መድኃኒት እንጂ የእኔንም እግር የሚጽፍ አልመሰለኝም ነበር!

እናቴ እንስራዋን አውርዳ ሳትጨርስ አያ ሰይድ ደረሱ። ቀድመው ገቡና ቆሙ። በአመዱ ላይ የአይጦቹ ዱካ እንደ ቀጭን ስፌት ተሰልፎ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ በመሀሉ ደግሞ አምስት ጣት ያላት ትንሽ እግር ቁልጭ ብላለች። እሷን አዩ፣ ግራጫ የሆነውን እግሬን አዩ፣ ዓይኔንም አዩ። ከዚያ የእኔን ዱካ በሰፊው እግራቸው እየረገጡ «ወይ እርጅና! አመዱን ረገጥሁት እኮ፣ እቴ! ደግነቱ የአይጡ መንገድ አልጠፋም» ብለው ጮኹ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራቸውን እስካሁን አደንቃለሁ። መጀመሪያ ግድግዳውን አሸተቱት፤ ልስኑን ቆረስ አድርገው በመዳፋቸው ፈረፈሩና ለእናቴ አሳዩዋት። በጥጋቡ ዓመት ጭቃው የተቦካበት ጭድ በደንብ አልተወቃም ኖሯል፤ ልስኑ ውስጥ የቀረ እህል ነበረበት። «ግድግዳሽን እህል አብልተሽዋል፣ እቴ፤ እነሱ እሱን እየበሉ ነው ጎታው ድረስ የመጡት» አሏት። ቀዳዳውን ወዲያው አልደፈኑም፤ ውስጥ የቀረች አይጥ መውጫ ስታጣ ጎታውን ትበሳለች አሉ። በስንጥር የተደገፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ በየመንገዳቸው አጥምደው ሁለት ቀን ጠበቁ፤ ሰባት ያዙ። ቀዳዳውን በስለታም ጠጠርና በእሾህ ጠቅጥቀው በጭቃ መረጉት፤ ጎታውንም ከግድግዳው አርቀው በድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

በመጨረሻ የግድግዳውን ሥር ቆፈሩ። አይጦቹ ያጠራቀሙት ገብስ ተንዶ ወጣ፤ ከቁና አያንስም። እናቴ እልል አለች። አያ ሰይድ አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ ለቅመው አበጥረው ሰጧት፤ ልታካፍላቸው ብትለምናቸውም «ዘር ነው፣ እቴ፤ ለመኸር ያድርሰን» ብለው እምቢ አሉ። ሲወጡ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «አብሽሪ፤ ካሁን ወዲያ ግን ቀዳዳው ተደፍኗል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ጎታ አልነካሁም።

በሰኔ ዘራን፤ ገብሱም አማረ። እናቴ ከአዲሱ አንድ ቁና ሞልታ በገበያተኛ እጅ ወደ ከላላ ላከችላቸው። ገበያተኛው በሦስተኛው ቀን ቁናውን እንደሞላ መልሶ ደጃችን ላይ አስቀመጠውና የሰማውን ነገረን። የአያ ሰይድ ቤት ያኔ እኛ ዘንድ ሲመጡም እህል አልነበረበትም፤ የተቀበሩትም እኛ ገብሱን በዘራንበት ሳምንት ነው።