በሱሪ ጨርቅ ላይ የተሳለ ክብ

ልጄ ኮዬ ፈጬ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተንበርክካ የቤት ሥራዋን በጠመኔ ትለማመዳለች። ማይንድ ማፕ ነው አሉ፤ መሃል ላይ አንድ ቃል ተጽፎ፣ ያ ቃል ያስታወሰው ሁሉ በዙሪያው በመስመር ይወጣል። «ዝናብ» ብላ ጻፈች፤ ሦስት መስመር አወጣችና ቆመች። የጠመኔው ብናኝ ሲሸተኝ ልቤ ወዳደግኩበት አቃቂ በሰቃ ሄደ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ በላይነሽ፣ እናቴ ከፋብሪካ እስክትወጣ ሱቃቸው ያቆዩኝ ነበር። ሊቆርጡት በዘረጉት ጥቁር የሱሪ ጨርቅ ላይ በልብስ ጠመኔያቸው ክብ ይስላሉ።

«ባቡር ሲባል ምን ይታይሻል?»

«ጥሩንባው።»

«እሱን ማንም ይላል። ሌላስ?»

«የድሬዳዋ ብርቱካን።»

«እሰይ! ሌላስ?»

ለእያንዳንዱ መልሴ መስመር ይስባሉ። ጨርቁ የሸረሪት ድር ሲመስል ግን መቀሳቸውን ያነሱና ሁሉንም በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ያራግፉታል። አኮርፋለሁ።

«ምን ያስኮርፍሻል? ጨርቁ የሰው ነው። ያሰብሽው ያንቺ ነው።»

«ጨረስኩ፣ እማዬ» አለች ልጄ።

«ሌላስ?» አልኳት።

ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ አራተኛውን መስመር ጀመረች። እኔን «ሌላስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ካጣሁ ቆየሁ።