የንስሯ ጥላ

ልጆች፣ ወሬው የኩታበር ነው። ኅዳር ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ እርሻው ላይ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል፣ ሰማዩ ደመና የለውም። ለአደን የወጣነው እኔና አባታችሁ ሰይድ ነን። ያኔ እናታችሁን፣ እህቴን ማለት ነው፣ አጭቷል፤ ሠርጉ ደርሷል። አንዲት ንስር ደግሞ የፍየል ግልገሎቻችንን እየለቀመች ፈጀችን።

ጎጆዋ ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ሰይድ ሊያፈርሰው ወገቡን በጠፍር ታስሮ ወረደ፤ የጠፍሩን ጫፍ ከወይራ ግንድ ጋር አሰርኩት። እኔ ከላይ ወንጭፌንና ከወንዝ የለቀምኳቸውን ድቡልቡል ድንጋዮች ይዤ ቆምኩ። በወንጭፍ በአገሩ የሚችለኝ አልነበረም፤ ጉራ ቢመስላችሁም ግድ የለኝም።

ጎጆው ጋ ሲደርስ አጅሪት ከማዶ ብቅ አለች። ክንፏን እንኳ ሳታራግብ ተንሳፍፋ፣ ቀስ ብላ ትመጣለች። ልኳን ያገኘሁ መስሎኝ ወነጨፍኩ። ድንጋዩ ከጭራዋ ኋላ አለፈ። እሷ ሰይድ ላይ ወርዳ በክንፏ ስትመታው እግሩ ከድንጋዩ ለቀቀና ጠፍሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«ዓሊ፣ ተመልሳ ስትመጣ እንዳትስታት፤ ጠፍሩ በድንጋዩ ስለት እየተፋቀ ነው» አለኝ።

«አብሽር» አልኩትና ሌላ ድንጋይ ወንጭፌ ላይ አስገባሁ።

ዞራ ስትመለስ ሰማዩን ማየት ተውኩ። እዚያ ላይ ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፤ ፍጥነቷን በምን ትለካዋለህ? ዓይኔን ታች እርሻው ላይ ጣልኩ። ጥላዋ «ቢስሚላህ» ብዬ ሳልጨርስ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይዘላል። ለካ ቀርፋፋ የመሰለችኝ እንዲህ እየከነፈች ኖሯል፤ ግዝፈቷ ነው የሸወደኝ። ቀና አልኩና ጥፍሯ ተለይቶ እስኪታየኝ ታገስኩ፤ ከዚያ ከራቀች ወንጭፍ አይደርስባትም። ድንጋዩን ከፊቷ፣ ገና ወዳልደረሰችበት ባዶ ቦታ ለቀቅኩት። የክንፏ መታጠፊያ ላይ አገኛት። ላባዋ ገደሉ ላይ በነነ፤ ተንገዳግዳ ማዶ ተሻገረች፤ ዳግም በዚያ አገር አልታየችም።

ሰይድን ስቤ አወጣሁት። ትንፋሹ ሲመለስ «ድንጋዩ እኔን ቢያገኘኝስ?» አለ።

«ለእህቴ ሌላ ባል እፈልግላት ነበራ» አልኩት። ሳቅን፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ወላሂ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ «እዩት፣ አየር ላይ ቆመ» ትላላችሁ። ትልቅ ነገር በሩቁ ሁሌም የቆመ ይመስላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጥላውን መሬት ላይ እፈልጋለሁ፤ አባታችሁም አጠገቤ ካለ አብሮኝ ይፈልጋል። ከዚያ ቀና ብሎ እናንተን አንድ በአንድ ያያል። ለምን እንደሚያያችሁ እንግዲህ አወቃችሁ።