ክንፍ ያለው፣ ጥርስ የሌለው

ድንኳን መስፋት ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነው። በልጅነቱ የወተት ጥርሱን፣ በስተርጅናው ደግሞ የቀሩትን እዚያው የስፌት መኪናው ሥር አራገፋቸው። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲመጣበት አፉን በመዳፉ ይከድናል። ባለቤቱ ግን የወደደችው በሳቁ ነበርና፣ "የኔን ሳቅ የት ደበቅኸው?" እያለች ትጨቀጭቀዋለች። እሱም "አንቺ ሴት፣ ተይኝ እስቲ" ብሎ ወደ ስፌቱ ያቀረቅራል።

አንድ ቀን ከሙዚየም አንዲት ባለሙያ መጣች። ከሰው ልጅ በፊት የኖረ የአንድ ግዙፍ በራሪ እንስሳ ቅርጽ ከሙዚየሙ ጣሪያ ልታሰቅል ኖሮ፣ ክንፉን የሚሰፋላት ትፈልጋለች።

"ወፍ ነው?" አላት።

"አይደለም አባባ፤ ከእነ እንሽላሊት ወገን ነው፤ ላባ የለውም። ክንፉ ቆዳ ነው። የተወጠረውም በአንዲት ጣት ነው፤ በዚህችኛዋ" ብላ የቀለበት ጣቱን ነካችለት። "አጥንቱ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ነው። መንቁሩ ከክንድዎ ይረዝማል፤ ዓሣውን ሳያኝክ ይውጣል።"

"ለምን አያኝክም?"

"ጥርስ የለውማ! የስሙም ፍቺ 'ክንፍ ያለው፣ ጥርስ የሌለው' ማለት ነው።"

እጁ ሳያውቀው ወደ አፉ ሄደ።

ከቀጭን ሸራ እየቆረጠ ሲሰፋ ሰነበተ። ከምሳ በኋላ ከተዘረጋው ክንፍ ሥር ጋደም ሲል፣ በሸራው የሚያልፈው ብርሃን ውሃ ይመስለዋል። የቀለበት ጣቱ ትረዝማለች፣ ትረዝማለች። ከጣቱ ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነፋስ ይሞላል፤ አጥንቱ ይቀልለዋል። ከበታቹ ዳርቻ የሌለው ባሕር፣ በባሕሩ ላይ የገዛ ጥላው። አፉን ከፍቶ ይሄዳል፤ የሚያፍረው ሰው የለም። ባለቤቱ "ተነሥ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" ስትለው ነው ከዚያ ሁሉ ከፍታ የሚወርደው።

በሚሰቀልበት ቀን ባለቤቱ "እኔም አያለሁ" ብላ ወደ ሙዚየሙ ተከተለችው። እሱ መሰላል ላይ ቆሞ የክንፉን ጫፍ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል፤ ቢለቀው ይቀደዳል። ባለሙያዋ ከወዲያ በኩል ታስራለች። ባለቤቱ ከታች አንጋጣ እንስሳውን አየችው፤ እሱን አየችው፤ እንደገና እንስሳውን።

"እንዴ! አንተ ሰውዬ" አለች፣ "ለካ የጎደለህ ክንፉ ብቻ ነው!"

ሳቁ ከሆዱ ተነሣ። እጁን እንዳያነሣ ለሸራው ሳሳ። ጥርሱን ነክሶ እንዳይችለው፣ የሚነክሰው ጥርስ የለም። አፉ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ሳቁ ጣሪያ ነካ፤ ሸራው ተርገበገበ፤ የእንስሳው ጥላም በወለሉ ላይ ተንሳፈፈ።

"እሱም እኮ" አለ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ "ጥርሱን የነቀለው በመብረር ነው!"

ባለቤቱ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል ባለሙያዋን፣ "ልጄ፣ ለማሰሩ አትቸኩዪ፤ ቀስ በዪ" አለቻት።