በዓመት ሁለት ጳጉሜ

ስሂን ላንግሊ ፓርክ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ከኋላዋ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም እንዳረፈድሽ ነው?" የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ብትል የዓለምዘርፍ ናት፤ ድሮ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆቴል ውስጥ አብረው አልጋ ያነጥፉ ነበር። ተሳስመው አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ባልሽስ? መርዕድ እንዴት ነው?"

"መርዕድማ እቁብ ገብቷል" አለች የዓለምዘርፍ፣ ሳቅ እያፈናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርዕድ ታክሲ ነጂ ከመሆኑ በፊት ደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነበር፤ የቤቱንም ገንዘብ የሚይዘው እሱ ነው። የሚስቱ የደመወዝ ቼክ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። እሱ ታዲያ "ወር ማለት ሁለት ቼክ ነው፤ ሒሳቡን ለእኔ ተይው" አላት። ተወችለት። በዓመት ሁለት ጊዜ ግን አንዱ ወር ሦስተኛ ቼክ ይወልዳል። የዓለምዘርፍ ይህችን ትርፍ ቼክ "ጳጉሜ" ብላ ስም አወጣችላትና በስሟ በከፈተችው የባንክ ደብተር ታስቀምጣት ጀመር።

"ኧረ ሌብነት ነው!" አለች ስሂን።

"እናቴ በጃንሆይ ጊዜ ታይፒስት ነበረች። ደመወዟን ሳትቆጥር ለአባባ አስረክባ፣ ለጫማዋ ሶል ሦስት ቀን ደጅ ትጠና ነበር። እኔ ደጅ አልጠናም ብያለሁ።"

አምና ግን የታክሲው ትራንስሚሽን ተበላሸ። መርዕድ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አላስቻላትም፤ የአራት ዓመት ጳጉሜዋን አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። "ከየት መጣ?" ሲላት ደንግጣ "እቁብ ወጣልኝ" አለች።

"ታዲያ ምን አለሽ?"

"ምን ይለኛል! 'እንዲህ በረከት ያለውን እቁብ እኔንም አስገቢኝ' ብሎ ይኸው በየወሩ መቶ ዶላር ያስረክበኛል። አባል ስንት ነው እንኳ አላለም፣ የሒሳብ መምህሩ! አሁን ግን 'ዕጣዬ መቼ ነው? ዳኛችሁን ላነጋግር' እያለ ነፍሴን አወጣት። ከታወቀብኝ ጳጉሜዬ አለቀላት።"

"ዕጣው ካልወጣለትስ?" አለች ስሂን፣ በሳቅ ዕንባዋን እየጠረገች።

አውቶቡሱ ቆመ። የዓለምዘርፍ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ዘንድ ከደረሰች በኋላ ዞር አለች።

"ይወጣለታል! የምትቀጥለው ጳጉሜ ጁላይ ላይ ናት፤ 'ዕጣህ ወጣ' ብዬ አስረክበዋለሁ። እስከዚያ ከደወለ ግን ዳኛዋ አንቺ ነሽ፤ ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ። ኮስተር በይበት!"