ያለ በሽታዋ የከፈትኳት ሞተር

ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር አስቀርቻት እመለሳለሁ። ሚስቴም አታውቃትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ለፈሪ ይቀላል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ቦታው ንፋስ መውጫ። ስድስት ዓመት ጎንደር በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬ ወደ አገሬ ወደ ጋይንት ስመለስ የጠበቀኝ ጎማ መለጠፍ ብቻ ነበር። የጠላ ቤት ቀልደኞች «ጎማ ለጣፊው መኮንን» ብለው ስም አወጡልኝ። አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

ዘለቀ የሚባል፣ በአሮጌ የጭነት መኪና ገብስ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። አንድ የገበያ ቀን ማለዳ ጎማ ሊያስነፋ መጣ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ መኪናዋ ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ቀስ ብላ ስትወጣ ዛሬም ዓይኔን ስከድን አያታለሁ። ሞተሯን አዳመጥኩ። አላንኳኳችም፣ አልጨሰችም፤ ሲያጠፋትም ወዲያው ዝም አለች። ደኅና ነበረች። ደኅና መሆኗን እያወቅሁ፣ «ዘለቀ፣ ውስጧ ካርቦን ይዟል። ቴስታታዋ ተነሥቶ ካልተጠረገ ዳገት ላይ ትጥልሃለች» አልኩት።

«መጠረጉ ይጠቅማታል?»

«እንደ አዲስ ነው የሚያደርጋት።»

ካርቦን ማለት ነዳጅ ሲቃጠል ፒስተንና ቫልቭ ላይ የሚጋገር ጥቀርሻ ነው። በዝቶ ሞተር ሲያንኳኳና ጉልበት ሲያሳጣ መጥረጉ ይጠቅማል። ጣሊያናዊው አለቃዬ ግን ጭነት ይዛ ዳገት የምትወጣ መኪና ጥቀርሻዋን ራሷ ታቃጥለዋለች፣ ያልታመመ ሞተር አትክፈት ብሎ አስተምሮኛል። የጋይንትን ዳገት ስትወጣ ለኖረች መኪና ምን መጥረግ ያስፈልጋታል? ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እኔ የፈለግሁት ገበያተኛው ሞተር ስከፍት እንዲያየኝ ነው።

አየኝም። ነጠላዬን መሬት ላይ አንጥፌ፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን አነሣሁ። ሰዉ ከበበኝ። ጥቀርሻው ስፍቀው እንደ ጎጆ ጣራ ጥላሸት እየረገፈ ነጠላው ላይ ሲያርፍ፣ አንዲት እናት «ውይ፣ ይህን ሁሉ በሆዷ ተሸክማ ነው የምትሄድ?» አሉ። ጉሙ ተመልሶ ወረደ፤ ሰዉ ይበልጥ ተጠጋ፤ ቅዳሴ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ይህንንም መናዘዝ አለብኝ፤ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ሳነሣው መቀደዱን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ምትኩ ያለው ጎንደር ነው። የተቀደደውን በእጄ እንደያዝኩ በሽተኛ የተኛበት ቃሬዛ መጣ።

ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነው ያመጡት። ፈንቴ የሚባል ገበሬ ሞፈር ሲጠርብ መጥረቢያው እግሩን መትቶት፣ ቁስሉ መጥቆር ጀምሯል። ንፋስ መውጫ መኪና አለ ሲባል ሰምተው ነው የመጡት፤ በዚያ ሰሞን ያለችው ደግሞ የዘለቀ ብቻ ናት፤ ከሌለ የሁለት ቀኑን መንገድ በትከሻቸው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ድረስ ሊቀጥሉ ተማክረዋል። ከተሸካሚዎቹ በዕድሜ የገፉት ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ይችን መኪና እንጠብቅ ወይስ እንሂድ?»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሂዱ» ማለት አቃተኝ። ሂዱ ካልኩ ሞተሯን ያበላሸሁት እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው። «ነገ ትነሣለች፣ ጠብቁ» አልኳቸው።

ጓርኒሲዮኑን በመዳብ ሽቦና በቀለም ጠጋገንኩት፤ ውሃ አሾለከ። በማግሥቱ ነገ አልኩ። አሁንም አሾለከ። በሦስተኛው ቀንም ነገ አልኩ። ፈንቴ ግድግዳዬ ሥር ተኝቶ በትኩሳቱ መካከል በሬዎቹን ያናግር ነበር፤ አንዱን በስሙ እየጠራ ከትልሙ እንዳይወጣ ይለምነዋል። እሰማው ነበር። እየሰማሁት ነገ አልኩ። በአራተኛው ቀን ጥገናው ያዘ፤ መኪናዋም ፈንቴን ጭና ያንኑ ዳገት እንደ ድሮዋ፣ ሳይሻላት ሳይብስባት ወጣችው። ደብረ ታቦር ላይ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሁለት ቀን ቀድሞ ቢመጣ እግሩ ይተርፍ እንደነበር ሐኪሙ መናገሩን ዘለቀ ሲመለስ አወራኝ፤ ሊወቅሰኝ ሳይሆን እንዲያው ለወሬ።

ፈንቴ ግን ያዳንኩት እኔ መሰለው። ሦስት ቀን ሙሉ እጄ ጠቁሮ ከሞተሩ ጋር ስታገል አይቷላ። ወንድ ልጅ ሲወልድ ክርስትና እንዳነሣለት ለመነኝ፤ አነሣሁለት። ዛሬ የአባቱን መሬት የሚያርሰው ያ ልጅ ነው። ታላቄ ስለሆነ አያ ፈንቴ እለዋለሁ። በየገበያው ልጁ በበቅሎ ያመጣዋል፤ በምርኩዙ ቆሞ ለሰው ሁሉ «እግሬን ሐኪም ወሰደው፤ ነፍሴን ያተረፈልኝ መኮንን ነው» ይላል። ይመርቀኛል። እኔም አቀርቅሬ አሜን እላለሁ። ስንት ዓመት አሜን አልኩ?

ወጣትነት ነው የሚለኝ ይኖራል። ሞተሯን የከፈተው ወጣትነቴ ይሁን። ነገ ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ፣ የሰውየውን ቅዠት እየሰማሁ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የተቆረጠው የእናንተ እግር አይደለም።

ትናንት ለራሴ «ነገ እነግረዋለሁ» አልኩ። ቃሉን ከአፌ ሳይወጣ አወቅሁት፤ አፈርኩም። ዛሬ ገበያ ነው። አያ ፈንቴ ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ምርኩዙን አስደግፎ ተቀምጧል፤ ሲያስል ይሰማኛል። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ወጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሳይመርቀኝ ቀድሜ የምለው አጭር ነው፦

«አያ ፈንቴ፣ ያቺ መኪና ደኅና ነበረች።»