ለተካ የወረደ ሙሾ

ክረምት ገብቶ የወንዙ ጭቃ ሲሸተኝ ተካ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ከየካ ሚካኤል በታች ጎርፍ የጎረቤታችንን ሙሽራ ወሰዳት። ላውጣት ብሎ ዘሎ የገባው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እየሰረቀ፣ ሸጦ የሚጠጣበት ተካ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም በዚያው ቀሩ።

አልቃሿ አክስቴ ለሙሽራዋ ሙሾ አውርዳ ስታበቃ፣ «ጀግናው ተካ» ብላ ቀጠለች። የሙሽራዋ አጎት ተቆጡ።

«የምን ጀግና ነው፣ እትዬ በላይነሽ? ሰክሮ እኮ ነው የገባው።»

አክስቴ መቀነቷን አጠበቀች። «የእኔንም እንጨት ሰርቋል። እናንተ ያልሰከራችሁት ግን ዳር ቆማችሁ ነበር» አለችና ደረቷን መታች።

የሚቀበላት ጠፍቶ ሙሾውን ብቻዋን ጨረሰችው። እኔም እስከ ዛሬ፣ ከነሌብነቱ ጀግና ነው እላለሁ፤ የሚከራከረኝም አልጠፋም።