ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ

እህቴን በጦጣዎቹ መጠለያ ግቢ ሁሉም ሰው «ዝምታ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚያስጎበኙት ናቸው። ቤት ውስጥ ቢሰሟት ኖሮ ምን ብለው ይጠሯት እንደነበር እግዜር ይወቅ። እራት ላይ እኔም ባሏም አፋችንን የምንከፍተው ለመብላት ብቻ ነው። ጫካው ውስጥ ስትገባ ግን ድምጿ ይጠፋል።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቀቻቸው ጦጣዎች እያንዳንዳቸው ጭብጥ አይሞሉም። ቀን ቀን ቅርንጫፍ አቅፈው ይተኛሉ። ጩኸትና የካሜራ ብልጭታ ያስደነብራቸዋል፣ የደነበረች እናት ደግሞ ልጇን ትጥላለች። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ይህን ሁሉ በር ላይ ቆሜ ለእንግዳ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሥራ ያስገባችኝም እሷ ናት። አትንኩ፣ ብልጭታ አጥፉ፣ በሹክሹክታ አውሩ፣ ከአስር ደቂቃ በላይ አትቁሙ። እንግዳው እሺ እሺ ይላል። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ስልኩን ያወጣል። ብልጭታ ማጥፋት አልችልም የሚለኝ ሰው፣ የፊቱን ቡግር ከፎቶው ላይ ማጥፋት ሲሆን ያውቅበታል። አንዷማ ከሩቅ ነው የመጣነው፣ ለምን አትቀሰቅሷቸውም ብላኛለች። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል?

በዚያ ሰሞን አንዷ ጦጣ ወለደች። በሦስት ዓመት ውስጥ የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ ነበር። እህቴ አሮጌ ቀሚሷን ቀደደችና ቀዩን ብጣሽ ጦጣዋ ባለችበት ዛፍ ግንድ ላይ አሰረችው፤ ጓደኞቿ ምልክቱን አይተው እንግዳ በሌላ መንገድ እንዲወስዱ ነው። ጥሩ ዘዴ ነበር። ለአራት ቀን በዚያ በኩል ማንም ዝር አላለም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስትገባ ሰባት ሰዎች ዛፉን ከበው አገኘቻቸው። አንዱ ቅርንጫፉን ይነቀንቃል፣ የቀሩት ፎቶ ያነሳሉ። እናትየዋ ዘላ ሸሸች፣ ልጇም ከታች የረገፈው ቅጠል ላይ ወደቀ። አንዷ ልታነሳው እጇን ስትሰድ እህቴ መሐል ገባች። አልጮኸችም። ሁሉንም እየነዳች አወጣቻቸውና መንገዱን በገመድ ዘጋች። ልጁን እሷም አልነካችውም፤ ሰው አጠገቡ ካለ እናቱ አትወርድም። ርቃ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።

ሥራ አስኪያጁ ሰባቱን በር ላይ አቁሞ ማን ወደዚያ እንደመራቸው ጠየቀ። ትልቁ ሰውዬ ተኮሳትሮ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ትናንት እናታችንን ቀይ ጨርቅ ይፈልጉ ያላቸው እሱ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ከአንድ ቀን በፊት ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት መጡ። በሩ ላይ ሲያመነቱ አንጀቴን በሉት፣ ብዙ እንዳይንከራተቱ ብዬም የቀይ ጨርቁን ነገር በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው። ለማንም እንዳይናገሩ አደራ ብዬ ነበር። እሳቸውስ አይተው በጸጥታ ተመለሱ፤ ለልጆቻቸው ግን ነገሯቸው። ሰው ለልጆቹ ሳይናገር ያድራል እንዴ? ደንቡን በቀን አርባ ጊዜ የምለፈልፈው፣ በእንግዳ ሁሉ የምነጫነጨው፣ እኔው ራሴ ነኝ መንገዱን ያሳየሁት። በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም እንግዳ ተናድጄ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ እህቴ ወጣች። እናትየዋ ወርዳ ልጇን በአፏ አንስታ እንደሄደች ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። ጡት ትስጠው አትስጠው፣ ልጁም ይትረፍ አይትረፍ ገና አልታወቀም አለች። ከዚያ ወደ በሩ መጣች።

«እታለም፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት።

«እነሱስ አያውቁም» አለችኝ። «አንተ ግን ታውቃለህ።»

የዚያን ዕለት እራት ላይ አንድ ቃል አልወጣትም። ባሏ አሟት እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ይሰማ ነበር።

ቀዩን ጨርቅ ፈታችው። አሁን እናትየዋ የትኛው ዛፍ ላይ እንዳለች ጓደኞቿ ያውቃሉ፣ ለእኔ ግን የሚነግረኝ የለም። ሁለት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ስታልፍ ልጁ ተርፎ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ልክ ለእንግዳ እንደምታደርገው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ጫካው ትገባለች።